የጋሽ መዝገቡ ማስመሪያ

ሕግ የሚያከብር ሰው የትም አገር አለ፤ ሕግ የሚያፈቅር ሰው ግን አንድ ሰፈር ከአንድ በላይ አይችልም። በለንደን የካሌዶኒያን ሮድን ድርሻ የያዙት ክቡር ጋሽ መዝገቡ ናቸው። መንገዱ ላይ አንድ መኪና ሳይኖር አረንጓዴው እስኪበራ ቆመው ይጠብቃሉ። ከካውንስሉ፣ ከወረዳው አስተዳደር፣ የመጣ ደብዳቤ የሚያነቡት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነው። ማንም ምንም ቢያማክራቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "መመሪያውን ቼክ አድርገሃል?"

ሳህሌ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖር ነበር፤ መከራው የመጣው ዓሣ ማጥመድ የጀመሩ ዕለት ነው። ሳህሌ ሃርልስደን የሚባል ሌላ የለንደን ሰፈር የሚኖር የሚኒካብ ታክሲ ሹፌር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌውን ጭኖ ወደ ኤሴክስ ባሕር ዳርቻ ነድቷል። የሚያጠምዱት ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። ባስ ደግሞ ከአርባ ሁለት ሳንቲሜትር ካነሰ ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ ሕጉ ነው። ጋሽ መዝገቡ ለዚሁ ብለው የብረት ማስመሪያ ገዝተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ።

አንድ ጊዜ ጀልባ ተከራዩ። ጋሽ መዝገቡ ከመስጠም የሚያድነውን ላይፍ ጃኬታቸውን ካሌዶኒያን ሮድ፣ ገና ከቤታቸው በር ላይ አጥልቀው መኪና ገቡ።

"ባሕሩ እኮ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል" አለ ሳህሌ።

"አደጋ ቀጠሮ አይሰጥም" አሉት።

የዚያን ቀን አራት ባስ ያዙ። አራቱም ተለክተው አራቱም ተመለሱ። አንደኛዋ የጎደላት ጥፍር የማያህል ነበር።

"ጅራቷን ትንሽ ሳብ ቢያደርጓትስ?"

"ዛሬ የዓሣ ጅራት የሳበ ነገ ምን እንደሚስብ ታውቃለህ?"

የሳህሌ ሚስት አልታየሽ ስድስት ዓመት ባዶ ባልዲ ስትቀበል ኖራ በመጨረሻ ጠረጠረች፤ አይፈረድባትም። ባስ ይዞ ወደ ቤት መግባት የሚፈቀደው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው። "እስከዚያ አንድ ዓሣ በዓይኔ ካላየሁ፣ ከዚህ በኋላ ቅዳሜህ የቤት ነው" አለችው። ሳህሌ ይህንን ለጋሽ መዝገቡ የነገራቸው በመጨረሻዋ ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ካሉት ድንጋዮች ላይ ሆኖ ሲጠብቅ የሳህሌ ማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ። የወጣው ባስ ወፍራም ነበር። ጋሽ መዝገቡ ማስመሪያቸውን አጠገቡ ዘረጉ፤ ሳህሌም ከትከሻቸው በላይ አየ። አርባ አንድ። ሽማግሌው ማስመሪያውን ቶሎ ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

"አርባ ሁለት ነው። ያዘው" አሉ።

ሳህሌ ስድስት ዓመት የለመነው ይህችን ቃል ነበር፤ ሲያገኛት ግን ዓሣውን ትቶ እሳቸውን አየ። የሽማግሌው ጆሮ ቀልቷል፤ ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ መስለዋል። ለንደን ውስጥ የማይዋሽ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበረው፣ እሱንም በአንድ ዓሣ ሊለውጠው ነው። እንደዚህ እንደሚወዳቸው እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር። ጎንበስ ብሎ ባሱን ውኃው ውስጥ ለቀቀው።

"አመለጠኝ፣ ጋሽ መዝገቡ" አለ።

ሲመለሱ ጋሽ መዝገቡ ካሌዶኒያን ሮድ አልወርድም፣ ሃርልስደን ንዳ አሉ። አልታየሽ በሩን ስትከፍት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"ለሽምግልና ነው የመጣሁት፣ ልጄ። ዓሣ ተይዞ ነበር፤ አርባ አንድ ነበር። እኔ አርባ ሁለት ነው ብዬ ዋሸሁ። ባልሽ ለእኔ ብሎ ለቀቀው። አመለጠኝ ማለቱም ውሸት ነው።"

አልታየሽ ባሏን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። ስትጠረጥር የከረመችው ሌላ ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለ ወንጀል አልጠበቀችም።

"ይግቡ፣ ብርድ ነው።"

"ፍርድሽን ሳልሰማ አልገባም።"

"ቅዳሜው የእርስዎ ነው" አለች ሳቋን አፍና፤ "ብቻ ሳይመሽ ይመልሱልኝ።"

ጋሽ መዝገቡ ደረት ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ ፈለጉ።

"በስንት ሰዓት?" አሉ።