ጋሽ ሓረጎትና የባሕሩ ጥድ

የእኛ ሰው በሰፈረበት ከተማ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመክር አንድ ሰው አይጠፋም። ለፍራንክፈርት የደረሷት ጋሽ ሓረጎት ናቸው። ዚንድሊንገን ካለው የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጡት እኚህ ሊቀ ሊቃውንት የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም ገና አልተፈጠረም።

«እኔ ልንገርህ» ካሉ ማምለጫ የለም። ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ የሚጭነው ምንያህል ወገቡን ቢያመው «መሬት ላይ ተኛ» አሉት። ተኛ፤ ሁለት ሳምንት ክራንክ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ወጣ። አንዴ ደግሞ ባቡር ለምን እንደሚዘገይ ለሹፌሩ ለራሱ ሲያስረዱ ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ። አጥር የምትጋራቸው ሸዋገነት ይህን ሁሉ እየሰማች ትስቅ ነበር።

ባለቤቷ ባሕሩ በሚያዝያ፣ ከጣሪያው ውሃ በሚወርድበት የግቢያቸው ጥግ አንድ ችግኝ ተከለ። መናፈሻ ኩሬ ውስጥ ግንዱን ነክሮ ቆሞ አይቶት የወደደው፣ ጥድ የሚመስል ዛፍ ነው። በነሐሴ ባሕሩ በድንገት አረፈ። በኅዳር የዛፉ ቅጠል ቀላና አንድ ሳይቀር ረገፈ። ሸዋገነት ሌላውን ሐዘን እንደምንም ችላው ነበር፤ ይሄኛው አቃታት።

«እኔ ልንገርሽ ልጄ» አሉ ጋሽ ሓረጎት ከአጥሩ ማዶ፣ «እኛ አገር ጥድ ሲረግፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«በቃ፣ ሞቷል። የሞተ ነገር ደጅሽ ቆሞ ልብሽን አያድማው።»

መጋዛቸውን አምጥተው ቆረጡት፤ ሥሩንም ነቀሉላት። እሷም አመስግና ሸኘቻቸው።

በየካቲት ፎቅ ላይ የምትኖረው ጀርመናዊት ጎረቤቷ ዛፉን አጣችው። «የረግረግ ጥድ እኮ ነበር! በብርድ ቅጠሉን ይጥላል፣ ብርዱ ሲያልፍ ያበቅላል» አለቻት።

ሸዋገነት በሯን ዘግታ አለቀሰች። የቆጫት የጋሽ ሓረጎት ነገር ብቻ አልነበረም። ባሕሩን፣ በሕይወት ሳለ፣ «ይሄ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?» ብላ አለመጠየቋም ጭምር ነው።

ወሬው ጋሽ ሓረጎት ጋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠይቃቸው እንኳ «ሌላ ሰው ጠይቁ» እያሉ ያልፉ ጀመር። ሰፈሩ ተገላገልን አለ። ሸዋገነት ግን አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ ማየት ከበዳት።

በመጋቢት አጥሩ ጋ ጠበቀቻቸው።

«ጋሽ ሓረጎት፣ ሽንኩርቴን መቼ ልትከል?»

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ።»

«እርስዎን ነው የጠየቅሁት።»

ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ከፋሲካ በኋላ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ሸዋገነት በየዓመቱ ሽንኩርቷን የምትተክለው በመጋቢት ነው። ያን ዓመት ግን ፋሲካ እስኪያልፍ ጠበቀች።