ጋሮምሳ ዳይፐር የቀየረባት ሐሙስ

በዘመነ ያቤጽ፣ ንጉሡ በተወለደ በአንድ ዓመት ከሁለት ሳምንት፣ ስድስተኛ ጥርሱ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ለሰፈሩ የውኃ ተራ በደረሰበት ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ በአዳማ ከተማ፣ በእማማ ውዴ ግቢ ካሉት የኪራይ ቤቶች በሁለተኛው፣ ጭቅጭቁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። ምክንያቱም ይህ ነው፤ የንጉሡ ሞግዚት ጉዲቱ ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ ተቀብላ ወደ መቂ ስለ ወረደች፣ የንጉሡም አያት ከሞጆ ተነሥተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ስለማይደርሱ፣ በመካከሉ ባለው ጊዜ ንጉሡን ማን ይጠብቅ የሚል ነበር።

በአንደኛው ወገን የቆመው የንጉሡ አባት ጋሮምሳ ነው፤ እርሱም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለቤት፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ጌታ፣ በጎረቤት ሁሉ ዘንድ «ልጅ ወዳድ» እየተባለ የሚመሰገን ነው። በሌላው ወገን የቆመችው ሚስቱ ሃዊ ናት፤ እርሷም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ አርባ ሰፊዎች የተሰለፉበትን መስመር ትመራለች። የፋብሪካው ሰርቪስ አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ ከሦስተኛው በኋላ ማንንም አይጠብቅም። በዚያ ወር ሰርቪሱ ሃዊን ሁለት ጊዜ ጥሏት ሄዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ንጉሡ በአንገቷ ያለውን ባጅ አይቶ፣ መሄዷን አውቆ፣ እያለቀሰ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ነበርና። አለቃዋም ማክሰኞ ዕለት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ብትዘገይ መስመሩ ለምክትሏ ለሀኒ እንደሚሰጥ በወረቀት አስታወቃት።

ጋሮምሳም ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «እኔም እኮ ሥራ አለኝ! ደንበኛ በር ላይ ተገትሮ ይጠብቀኝ?»

ሃዊም ንጉሡን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ ገንፎውን በቀኝ እጇ እያማሰለች፣ የዩኒፎርሟ ቁልፍ ግማሹ ሳይቆለፍ፣ የአጸፋ አዋጅ አወጣች፦ «ጋሬ፣ የትኛው ደንበኛህ ነው ከሦስት ሰዓት በፊት መጥቶ የሚያውቀው? ሱቁ የራስህ ነው። አንተን በወረቀት የሚያስጠነቅቅህ ማነው?»

ጋሮምሳም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ አዋጅ አወጀ፦ «እሺ... ካካ ቢልስ?»

የዚህ አዋጅ ሥሩ ጥልቅ ነው። ጋሮምሳ በዘመነ ያቤጽ ሁሉ ንጉሡን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ፍራንኮ ሰፈር ድረስ አዙሯል፣ ወደ ላይ ወርውሮ ቀልቧል፣ ፎቶውን አንሥቶ ለዘመድ ሁሉ ልኳል፤ ዳይፐር ግን ቀይሮ አያውቅም ነበር። ጊዜው በደረሰ ቁጥር ወይ ስልኩ ይጮኻል፣ ወይ ጋሮምሳ የሚጮኽ ስልክ ይፈልጋል።

ሃዊም «ትቀይረዋለህ!» ስትል አወጀች፤ «ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ዳይፐር ያቅተዋል?»

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ክላክስ ተሰማ። ሃዊ ንጉሡን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ፣ ባጇን ኪሷ ውስጥ ደብቃ፣ አንድ ጫማዋን እንዳጠለቀች፣ የንጉሡ ፊት ቀላ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ተተከለ፣ ለጥቂት ጊዜም ነገረ ዓለሙን ሁሉ ተወ። ወዲያው የሆነው ነገር በጠረኑ ለቤቱ ሁሉ ታወቀ። ሃዊ በአንድ እግር ጫማ ተመለሰች። ሁለተኛው ክላክስ ተሰማ። ጋሮምሳም አንዴ የሚስቱን ባዶ እግር፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የአለቃዋን ወረቀት አየና፣ ከአልጋው ጫፍ ተነሥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ታላቁን አዋጅ አወጀ፦ «ተይው፣ ሂጂ! እኔ አለሁ!» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙ ጋሮምሳ ሥዩመ ሚስቱ፣ መዋዔ ዳይፐር ተባለ።

ለዘመቻው የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው፤ በቀኝ በኩል ሃዊ ከፍታ ያስቀመጠችው የእርጥብ ሶፍት ጥቅል፤ በግራ በኩል ሃዊ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ፣ ቧንቧው ሳይቋረጥ ቀድታ ያሞቀችው የሳፋ ውኃ፤ በስተኋላ ሃዊ ፊቱንና ጀርባውን ለይታ የዘረጋችው ንጹሕ ዳይፐር፤ ከዚያም ቅባት፣ ፎጣ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ እነርሱንም ያሰለፈች ሃዊ ናት። በበሩም ላይ ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ታዛቢዎች ቆሙ፤ እነርሱም የግቢው ባለቤት እማማ ውዴ፣ ጎረቤታቸው ፋዲላ፣ ጥርሱን ሊቦርሽ የወጣው ተከራይ ጫምሳ ናቸው።

ጋሮምሳም አፍንጫውን በሻርፕ አስሮ ወደ ጦር ሜዳው ገባ። ንጉሡ ግን ዳይፐሩ ገና ከመፈታቱ ተገልብጦ፣ በአራት እግሩ እየዳኸ ከጠረጴዛው ሥር መሸገ፤ ጋሮምሳም በደረቱ ተስቦ ተከተለው፤ በቁርጭምጭሚቱ ይዞ አወጣው፤ አሥራ ስምንት እርጥብ ሶፍት በዚያች ሰዓት ወደቀ፤ የሸሚዙም ቀኝ እጅጌ ተማረከ። ዳይፐሩም በፊት ጀርባው፣ በጀርባው ፊቱ ሆኖ ታሰረ፤ ግን ታሰረ። ንጉሡም የአባቱን የተሸፈነ አፍንጫ አይቶ እስከ ስድስተኛ ጥርሱ ድረስ ሳቀ፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ያን ጊዜ ከበሩ አዋጅ በአዋጅ ላይ ወረደ። ፋዲላ፦ «ወላሂ፣ የእኔ ባል ቢሆን ይሄኔ ከከተማ ወጥቷል!» እማማ ውዴ፦ «ተባረክ የኔ ልጅ! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ አባት የት ተገኝቶ!» ጫምሳም ብሩሹን ከአፉ ሳያወጣ፣ በስልኩ እየቀረጸ፦ «ብሮ፣ ይሄማ ቲክቶክ ላይ መውጣት አለበት!» «ቻው፣ የኔ ጌታ» የሚል አንድ አዋጅም በዚያው ሰዓት ከወደ ደጁ ወጥቶ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን ከእልልታው የተነሣ አልተመዘገበም።

እነሆ ጋሮምሳ፣ የለጋሶች ለጋስ፣ የአባቶች መብራት፣ ያለ ሞግዚት የዘመተ፣ ያለ ስልክ ድል ያደረገ! በአዳማ ከእርሱ በፊት እንዲህ ያለ አልታየም፤ ከሞጆ እስከ መቂ ስሙ ይጠራ፤ እጅጌው ሳይታጠብ ለትውልድ ይቀመጥ፤ ሐሙስም ቀኑ ትሁን! ብለው ሦስቱ ታዛቢዎች ትከሻውን እየመቱ፣ ንጉሡን ወደ ላይ እያነሡ፣ እልል ሲሉ፣ የግቢው በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሦስተኛው ክላክስ ተሰማ፤ ሰርቪሱም የዩኒፎርሟን የመጨረሻ ቁልፍ እየቆለፈች የገባች አንዲት ሴት ጨምሮ ወደ ፓርኩ መንገድ ዞረ።