ምሰሶዎቹ ሠርግ ተጠሩ

መዲና ትናንት ሌሊት ያየችው ሕልም ለፈቺም አይመችም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ይሄኛው ግን ፈቺውን ራሱን እንቅልፍ ነስቶ የሚያሳድር ዓይነት ነበር። ጥፋቱ ደግሞ የእንሶስላው ነው።

መዲና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቁመቷ ለመረብ ኳስ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ልቧ ግን ከመረቡ በላይ ነው። ዐምና ለትምህርት ቤቱ ቡድን ምርጫ ቀርባ በመጀመሪያው ኳስ ወደቀች። የስፖርት አስተማሪው ቲቸር ግዛቸው ኳሷን ሲወረውርላት በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘቻት።

“ዳቦ መሰለችሽ እንዴ?” ብሎ ጮኸባት። “ኳስ አይያዝም! እጅሽን እርሺውና በክንድሽ ተቀበይ!”

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ የልብስ ማስጫውን ገመድ መረብ አድርጋ፣ ግቢያቸው ውስጥ ስትለማመድ ከረመች። ያም ሆኖ ኳስ ባየች ቁጥር ጣቶቿ ቀድመዋት ይዘረጋሉ። የሚመጣው ዓመት ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ እናቷ ወይዘሮ ሉባባ “ያኔ ኳስ የሚባል ነገር በዚህ ግቢ እንዳላይ” ብለው ከወዲሁ ቆርጠዋል። እንግዲህ ወይ ዘንድሮ፣ ወይ ቀረ።

የዘንድሮው ምርጫ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። የአክስቷ ልጅ የከድጃ ሠርግ ደግሞ በማግስቱ እሑድ፣ ያውም ሰፊ ነው ተብሎ በእነመዲና ግቢ። መዲና ሚዜ ናት። ዐርብ ሲመሽ እናቷ የተወቀጠ እንሶስላ በሳህን ይዘው መጡ።

“እማ፣ ነገ ምርጫ አለኝ እኮ!”

“ጠዋት ይፈታል፤ ታጥበሽ ትሮጫለሽ። ሚዜ ነጣ ያለ እጅ ይዛ ስትቆም ሰው ምን ይለናል?”

ሁለቱንም እጇን እስከ አንጓው ቀቧት፣ በጉሎ ቅጠል ጠቀለሉት፣ ከላይ በፌስታል ጥፍር አድርገው አሰሩት። ጣት የለ፣ መዳፍ የለ። መዲና ሁለት ጥቅልል ደረቷ ላይ አስተኝታ ስትገላበጥ ቆየችና እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ረፍዶባት እየሮጠች ነበር። መንገዱ ላይ ባጃጆቹ ሾፌሮቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሾፌር ቆም ብሎ “ወራጅ አለ?” ብሎ ባጃጁን ጠየቀው። ከዚያም ባጃጁን አመቻችቶ አዝሎ መንገዱን ቀጠለ። ትምህርት ቤቱ ስትደርስ አጥሩ ወደ ውስጥ ለመግባት ተራ ይዞ ተሰልፏል። ርእሰ መምህሩ የዘበኛ ካፖርት ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ጋሽ ይመር ደግሞ ከረባት አስረው፣ ከባንዲራው ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

“ጋሽ ይመር፣ ምርጫው ተጀመረ?”

“ዕጣ ፈንታ ነው፤ ይጀመራል” አሉ ጋሽ ይመር በትልቅ ሰው ድምፅ። “የመረቡ ምሰሶዎች ግን የሉም። ሠርግ ሄደዋል።”

“ምሰሶ ሠርግ ይሄዳል?”

“ጥሪ ሲደርሰው ምን ያድርግ? ሰው ሲጠራህ ካልሄድክ ነገ ማን ይመጣልሃል? ሁለቱም ተጣጥበው ነው የወጡት።”

መዲና ነገሩ ልክ መሰላት። የጨነቃት ሌላ ነው። ሜዳው መግቢያ ላይ “እጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው” የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ከሥሩ መስጊድ በር ላይ ጫማ እንደሚቀመጠው እጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ጠባቂዋ አንዲት ቀይ ዶሮ ናት።

“አውልቂ” አለች ዶሮዋ።

“እጄን? በምን ልጫወት?”

“ዐምና በእጅሽ ምን ፈየድሽ?”

ይሄ ስድብ ልቧ ድረስ ገባ። መዲና ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ሰልፉ ከኋላዋ ይገፋ ስለነበር እጆቿን አውልቃ አስረከበች። ቅልል አላት፤ ቀጥሎም ወዲያው ፈራች። እጅ የሌለው ሰው አፍንጫው ቢያሳክከው ምን ይሆናል? ይህን ስታስብ አፍንጫዋ አሳከካት።

ሜዳው ላይ ኳሶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መራጮቹ እነሱ ናቸው። ከሁሉም የሚያስፈራው መሐል ላይ ያለው አሮጌ ኳስ ነበር፤ ቆዳው ተልጦ፣ ሲናገር ከጎኑ አየር ይወጣዋል። ሰዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ በመረቡ በላይ ይወረወራሉ። መረቡን የያዘው ምሰሶ ስላልነበረ ሁለት ቀጭኔ የሚያካክሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በጥርሳቸው ነክሰው ገትረውታል። በዚያ በኩል የወደቀ ሰው ይጨበጨብለታል፤ ሳይወድቅ የቀረ ግን አፍሮ ፊቱን በከነቴራው ይሸፍናል። ተመልካቹ ላብ በላብ ሆኖ ሲሮጥ ተጫዋቾቹ ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ከፍ ባለው የዳኛ ወንበር ላይ ወይዘሮ ሉባባ ፊሽካ ይዘው ተቀምጠዋል። ሲነፉት እልልታ ይወጣዋል።

“እማ! አንቺ ደግሞ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ዳኛ ዘመድ የለውም” አሉ ወይዘሮ ሉባባ ዞር ብለው ሳያዩዋት። “ቀሚስሽን ግን አስተካክይ፤ ሰው ያይሻል።”

ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆመ ሰው ቁምጣውን ደጋግሞ ወደ ላይ ይጎትት ነበር። ሲዞር ቲቸር ግዛቸው ነው። ቁምጣው ሰፍቶት፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዐምና መዲና የቆመችውን አቋቋም ቆሟል።

“መዲናዬ” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አንቺ ታውቂያለሽ፤ እንዴት ነው የሚቀበሉት? ዘንድሮ ካላለፍኩ እናቴ አትፈቅድልኝም።”

“ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?”

“ያስተማርኩትን ባውቀው ኖሮ አስተማሪ እሆን ነበር?”

መዲናን አሳዘናት። “ዳቦ አይደለም” አለችው። “አይያዝም። ክንድዎን ገጥመው፣ ጉልበትዎን ሰበር አድርገው ከሥሩ ይግቡ።” እሱም እንደ ጸሎት ደጋገመው። ዳቦ አይደለም፤ ዳቦ አይደለም። ስሙ ሲጠራ ግን ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ እጅ ከኪሱ አወጣና የተወረወረችለትን ኳስ ጥርቅም አድርጎ ያዛት። አሮጌው ኳስ በጎኑ ተነፈሰ።

“ዳቦ ቤት ይግባ!” አለ። “ቀጣይ!”

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። መዲናም ሳቀች፤ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ወዲያው አፈረች። ቲቸር ግዛቸው ዳቦውን አቅፎ እያለቀሰ ሄደ፤ አዎ፣ አሁን በእርግጥ ዳቦ ነበር። ቀጣይዋ እሷ ናት። ወደ መሐል ስትገባ የሜዳው መስመሮች ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ።

“የት ልትሄዱ ነው?” አለቻቸው።

“ሠርግ ነዋ” አለ የጥጉ መስመር። “ምሰሶዎቹ ብቻቸውን ሄደው የለ?”

መስመሮቹ ተያይዘው ወጡ። ኳሶቹም ተንከባለሉ። መረቡ ከልጆቹ ጥርስ አምልጦ፣ ራሱን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ተከተላቸው። መዲና “ሳትመርጡኝ? ኧረ በአላህ ቆዩ!” እያለች ሮጠች። ስትሮጥ እጇ ትዝ አላት። ዶሮዋ ጋ ተመለሰች፤ ዶሮዋ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው የቀራት፣ በእንሶስላ የቀላ፣ ቀለበት ያለው።

“ይሄ የእኔ አይደለም! የከድጃ ነው፤ የሙሽራዋ!”

“ሠርግ ቤት ጫማ ሲለዋወጥ አላየሽም?” አለች ዶሮዋ። “የቀረውን አድርጎ መሄድ ነው።”

አልወሰደችውም። በባዶ ክንዷ እግሬ አውጪኝ አለች። መንገዱ ዞሮ ዞሮ የገዛ ግቢያቸው ጣላት። ዳስ ተጥሏል፤ ነገር ግን ዳሱን የያዙት ሰዎች ናቸው። አጎቷ ኢብሬ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

“አጎቴ፣ ምን ሆነህ ነው?”

“ዝም በይ” አለ ኢብሬ በጥርሱ መሐል። “ከሳቅኩ ይወድቃል።”

በሙሽራና በሙሽሪት ወንበር ላይ ቀይና ነጭ የተቀቡት ሁለቱ የመረብ ምሰሶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሽሪቷ መረቡን ተከናንባለች። የተሳለ ቢላ የያዘ አንድ ሙክት እንግዶቹ መሐል እየተዘዋወረ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የወፈረውን ይመርጣል። ወይዘሮ ሉባባ ከዳኛ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፊሽካውን ነፉ፤ እልል አለ።

“መዲና!” አለ የሙሽራው ምሰሶ። “ተራሽ ነው!”

አሮጌው ኳስ ራሱ ነበር የተነሣው። ሰማዩን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዳሱ አለፈ፣ አነሰ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። እየወረደ ይሰፋል። ሙክቱም ምሰሶዎቹም ያዩዋታል። መዲና ጣቶቿን ልትዘረጋ ሞከረች፤ ጣት የለም። ተለማምጃለሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ተለማምጃለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ አፏ ውስጥ ዳቦ ሞላ። ኳሱ ግቢውን አጨለመው። ኳ! ኳ! ኳ! ይል ጀመር።

ኳ! ኳ! ኳ!

ነቃች። የመዶሻ ድምፅ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ግማሽ ደርሳለች። ረፍዷል! ከአልጋ ዘልላ ወረደች፤ እጇ አሁንም ፌስታል ውስጥ ነው። “እማ!” ብላ ተጣራች። በሩን በክርኗ ከፍታ ወጣች፤ ወጥታም ደርቃ ቀረች።

ግቢው መሐል ዳስ ተጥሏል። መሐል ለመሐል ዳሱን ቀጥ አድርገው የያዙት፣ ቀይና ነጭ የተቀቡ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ናቸው። አጎቷ ኢብሬ መሰላል ላይ ሆኖ ምስማር ይመታል። ጥጉ ላይ ጋሽ ይመር ቁርሳቸውን ይበላሉ።

“አጎቴ፣ እነዚህን ከየት አመጣህ?”

“ይመር ነው ያዋሰን፤ አላህ ይስጠው” አለ ኢብሬ ምስማሩን ከአፉ እያወጣ። “ቅዳሜ ማን ይፈልገዋል ብሎን ነው። ሰኞ ሳይነጋ እንመልሳለን።”

ጋሽ ይመር “ሠርግ አይደል እንዴ” አሉ እየጎረሱ።

መዲና ታልቅስ ትሳቅ አላወቀችም። ያኔ የግቢው በር ተበርግዶ ቲቸር ግዛቸው ኳስ በብብቱ ይዞ ገባ። ከኋላው ለምርጫ የመጡት ልጃገረዶች ሁሉ ተከትለውታል። ምሰሶዎቹ ሲጎተቱ አፈሩ ላይ የሠሩትን ዱካ ይዘው ነው ከትምህርት ቤት እዚህ የደረሱት። ቲቸር ግዛቸው ምሰሶዎቹን አየ፣ ዳሱን አየ፣ ጋሽ ይመርን አየ።

“ጋሽ ይመር! ምርጫው ዛሬ ነው ብዬ አልነገርኩዎትም?”

“ቁጭ በልና ቁርስ ብላ እንጂ” አሉ ጋሽ ይመር።

“ንቀልልኝ!” አለ ቲቸር ወደ ኢብሬ ዞሮ።

“ከነቀልኩት ሠርግ የለም” አለ ኢብሬ።

“ካልነቀልከው ምርጫ የለም!” አለና፣ ከንዴቱ ብዛት ኳሱን መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ኳሱ ነጥሮ ተነሣ፤ የዳሱን ጠርዝ ገጨ፤ ወይዘሮ ሉባባ ለነገው ድግስ ቁሌት ወደሚያማስሉበት ትልቅ ድስት ቁልቁል መጣ።

“ድስቴን!” ብለው ጮኹ ወይዘሮ ሉባባ።

መዲና ሮጠች። ጣት አልነበራትም የሚዘረጋ። ሁለቱን ጥቅልሎች ገጥማ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ከሥሩ ገባች። ኳሱ ክንዷ ላይ አረፈና ምንም ሳይወላገድ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲወርድም እዚያ ማዶ ቲቸር ግዛቸው እጅ ላይ ወደቀ።

ቲቸር ግዛቸው ኳሱን አየ፤ በፌስታል የታሰረውን እጇን አየ። ምሰሶዎቹን ረሳቸው።

“ድገሚው” አላት።

“ቆይ!” አሉ ወይዘሮ ሉባባ ክዳን እየፈለጉ። “መጀመሪያ ድስቱን ልክደነው።”