የሙሴ ዳክዬ እትብት

ተረት ልነግራችሁ ነውና ላሟን በረት አግቡና ኑ።

ድሮ ድሮ በአንድ ጫካ ከባሕር ማዶ በጀልባ የመጣ ነጋዴ ዳክዬ ነበር። እንስሳቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነጋዴ «ሙሴ» እያሉ፣ «ሙሴ ዳክዬ» ይሉታል። በወንዙ መሻገሪያ ላይ ሱቅ ከፍቶ ጨው ይሸጣል። ገና እንደመጣ ሸንጎውን ጨው አስልሶ አንድ ሕግ አስወጣ፤ የአገር ተወላጅ ጨው ይሸከማል እንጂ አይሸጥም የሚል። የጫካው ሹም ጎሽ ሱቅ እንዳይከፍትበት ፈርቶም «ሹምም ቢሆን» የሚል ቃል አስጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ጆንያውን ሁሉ የምትሸከመው እመት አህያ ሆነች። ጀርባዋ ሲገጥብ ሙሴ ዳክዬ ጨው ለቁስል መድኃኒት ነው እያለ ያጽናናት ነበር።

ጎሽ አርጅቶ ሹመቱን ሊለቅ ሲል ዳክዬው ዓይኑን ወንበሩ ላይ ጣለ። ሱቅ ያለው ዳክዬ በዘመዶቹ ዘንድ ሞልቷል፤ ከርከሮ እጅ የሚነሳው ዳክዬ ግን በዘሩ አልነበረም። ያስቸገረው የጫካው ወግ ነው። እትብቱ ዋርካው ሥር ያልተቀበረ አይሾምም። ከእንቁላል የተፈለፈለ ደግሞ ምን እትብት አለው?

ሌላ ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። እሱ ግን የእንቁላል ቅርፊት ዋርካው ሥር ቀበረና ለዶሮ አንድ እፍኝ ጨው ሰጥቶ እናቴ ሁኚ አላት። ዶሮም እሺ አለች፤ ከገዛ ጫጩቶቿ ይህን ያህል እንኳ አግኝታ አታውቅም።

በሸንጎው ቀን ዶሮ ቅርፊቱን ጭራ አወጣችና ማለች። ታቅፌ የፈለፈልኩት እኔ ነኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከውሃ አልወጣ እያለ አቃጥሎኛል ብላ እንባዋን ጠረገች። በጀልባ ሲመጣ ያዩት ሁሉ ጨው እየላሱ ስለነበር ማንም ትንፍሽ አላለም። እልል ተባለና ሙሴ ዳክዬ ተሾመ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ እግሩ መሬት ባይደርስለትም ደረቱን ነፋ።

ይሄኔ ጎሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሕጉን አሰማ። የአገር ተወላጅ፣ ሹምም ቢሆን፣ ጨው ይሸከማል እንጂ አይሸጥም።

ሙሴ ዳክዬ ክው አለ። «እኔ እኮ የባሕር ማዶ ዳክዬ ነኝ» አለ።

«ተው ልጄ፣ በአገር ፊት እናትህን አታዋርድ» አለችው ዶሮ።

እመት አህያ ጆንያውን ከጀርባዋ አውርዳ ወንበሩ ፊት አስቀመጠችው። ይህን ዳክዬ ያን ሁሉ ዘመን አንቱ ስትለው ኖራለች።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ የአገሬ ልጅ» አለችው። «እኔ በቀን አራት ጊዜ ነበር የምመላለሰው። አንተ ሹም ስለሆንክ አምስት ይሁንልህ።»