ለመካኒክ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ከባላንጣው በሬ ይነዳል፣ ድንበር ይገፋል፣ ሲብስበትም እጮኛ ይቀማል። ይኼ ድሮም የነበረ ነው፤ ማንንም አይገርምም። መካኒክ ይቀማል ሲባል ግን እኔ የሰማሁት በቅርቡ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለው ተረት ለካ ባሕር ማዶ ሠልጥኖ፣ ከረባት አስሮ፣ ውል ተፈራርሞ ይኖራል።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። የእሽቅድድም መኪና ያላቸው የፈረንጅ ቡድኖች ተቀናቃኛቸው ከቀደማቸው የራሳቸውን መኪና ሲያገላብጡ አይውሉም። የቀደማቸውን መኪና የሠራውን መሐንዲስ አፈላልገው፣ በጓሮ በር አነጋግረው፣ ወደኛ ና ይሉታል። እሱም ይሄዳል። የድሮ አሠሪዎቹ ግን ሞኞች አይደሉም፤ የሚያውቀውን ምስጢር በትኩሱ ይዞባቸው እንዳይሄድ መጀመሪያ ቤትህ ተቀመጥ ይሉታል። ደመወዙን እየከፈሉ ወራት ያስቀምጡታል። ሰውየው አበባ እያጠጣ፣ ውሻ እያንሸራሸረ፣ ምስጢሩ ጭንቅላቱ ውስጥ እስኪሻግት ድረስ ይበላል ይተኛል። ቅጣት መሆኑ ነው እንግዲህ። እኛ ወረዳ ይኼ ቅጣት ቢታወጅ የተቀጪው ሰልፍ የት ይደርስ ነበር?

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሐሰን ነው። ሐሰን የጎረቤቴ የዘይነባ አንድ ልጅ ነው፤ የእኔን ባጃጅ ውጫሌ ከተማ ውስጥ ይነዳል። ሳውዲ ጎማ ቤት ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው። እዚያ የለመደው አመል ቢኖር በስልኩ የመኪና እሽቅድድም ማየት ነው። ማን አንደኛ ወጣ ብትሉት አይነግራችሁም፤ የትኛው መሐንዲስ የትኛውን ቡድን ጥሎ የት እንደገባ ነው የሚተርክላችሁ። እኔ ተገኘ የምባለው ደግሞ ምስማር፣ ቆርቆሮና ብሎን የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የባጃጁ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ብሎን የሚሸጥ ሰው ብሎን ማጥበቅ አያቅተውም በሚል እምነት መካኒኩም እኔው ነኝ።

እምነቴ የተፈተነው አምና ነው። አዝመራ ከገባ በኋላ የውጫሌና የሐይቅ ባጃጆች ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ ሽልማቱ አንድ የሰባ ሙክት ነው። አምና ሐሰን ሁሉንም አስከትሎ መጣና መጨረሻው እየታየው ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ቀጥ አለ። ያንን ሞተር ጠዋት ፈትቼ ያጸዳሁት እኔ ነበርኩ። ሐሰን ወርዶ እየገፋ ገባ። የሐይቅ ልጆች ግራና ቀኝ ቆመው አጨበጨቡለት፤ ጭብጨባው ከስድብ ይከፋ ነበር። እኔ ቤንዚኑ ውሃ አለበት አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሰን ዝምተኛ ሆነ። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ተቀምጦ፣ በሰው አገር ሐበሻው ይሉኝ ነበር፣ ባገሬ ደግሞ ያ ባጃጅ የሚገፋው ይሉኛል አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ሪያድ ያሉ ጓደኞቹ ና እያሉት ነው፤ ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ እንደሚመለስ ለእናቱ ነግሯታል። ለአንድ ሙክት ብሎ አገር የሚለቅ አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሙክቱ አይደለም። ወጣት ሰው ሰፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ላይ አንደኛ መሆን ይፈልጋል፤ ያን ካጣ ሰበብ ይበዛለታል።

ዘይነባን በዚያ ሰሞን ባያችኋት። ልጇ ድሮ የሄደው በባሕር ነው። ድምፁ ጠፍቶባት በነበረ ጊዜ መብራት ሲቋረጥ ስልኳን ይዛ ጄኔሬተር ያለበትን ቤት ሁሉ ትዞር ነበር፤ ምናልባት ደውሎ ቢያጣኝስ እያለች። ያን ያየ ሰው ሁለተኛ እንድታየው አይፈልግም። እኔም አንጀቴን በላችው። ሱቄ መጥታ፣ ጋሽ ተገኘ፣ ይኼ እሽቅድድም የምትሉት ነገር በምንድን ነው የሚሸነፈው ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቤ የነበረው ሐሰን ቀደመኝና በእንድሪስ ነው አላት። እንድሪስ ሐይቅ ከተማ ሐጂ ሙሄ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ እሱ የነካው ባጃጅ ዳገት አያውቅም ይባላል። ሐሰን ዘዴውን ተነተነላት፦ እንደ ፈረንጆቹ በስልክ በምስጢር ጠርተን ወደኛ እናዞረዋለን፣ ጋሽ ተገኘም ከሞተሩ ላይ እጃቸውን ያነሳሉ። ይህቺን መጨረሻዋን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያላት፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ዘይነባ ፊቷ ተለዋወጠ። የሰው ሰው በስልክ ይሰረቃል እንዴ፣ ወላሂ ነውር ነው አለች። ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹን ደግሞ እኔ አናግራለሁ፣ ያንተ ማድረስ ብቻ ነው አለችኝ። እኔ ምን ገዶኝ? ሽማግሌ ቢላክስ ምን ይጎዳል ብዬ እሺ አልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

የተመረጡት ሼህ ይማምና መምሬ ካሳ ናቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከአንዱ ወገን ብቻ ከተላከ ግማሽ ነው። ሁለቱ በደም የተፈላለገ ያስታርቃሉ፣ የተኳረፈ ባልና ሚስት ይመልሳሉ፣ ልጃገረድ ይጠይቃሉ። ለመካኒክ ሄደው ግን አያውቁም። መምሬ ካሳ ባጃጁ ላይ እንደወጡ ዘሩ ከወዴት ነው፣ ዓመሉስ እንዴት ነው አሉኝ። አባ፣ የምንፈልገው ለሞተር ነው እንጂ ለጋብቻ አይደለም አልኳቸው። ይሁን፣ የማን ልጅ ነው አሉና እንደገና ጀመሩ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ባጃጁ አቅሙን ነገረን። ሽማግሌዎቹ ወርደው በእግራቸው ወጡ፤ እኔ ከጎናቸው ሞተሩን እያስጓራሁ እከተላለሁ። ሼህ ይማም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ይኼ እንድሪስ የሚባል ልጅ ለምን እንዳስፈለገህ አሁን ገባኝ አሉ። ከዚያ አሳዳሪው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሐጂ ሙሄ ናቸው አልኩ። እንግዲያው የምንጠይቀው ሐጂን ነው አሉ።

ክው አልኩ። ኧረ ሼህ፣ ዋናው ነገር እኮ ሐጂ ሳይሰሙ ልጁን ማነጋገር ነው አልኳቸው። መምሬ ካሳ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው፣ ለዚህማ ሌባ ትልክ ነበር እንጂ ሽማግሌ ምን አደረገልህ አሉኝ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሐጂ ሙሄ ጋራዥ ስንደርስ ባጃጄ እያሳለች ገባች። ዘይት የነካው እጁን ሸሽጎ ክንዱን ለሰላምታ እየዘረጋ አንድ ልጅ መጣ። እንድሪስ ነው። እንግዶቹን ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣለ፤ ማንም ሳያዘው ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። ሐጂ ሙሄ ወጥተው ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ለስላሳ መጣ፤ አንጠጣም አሉ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል?

መምሬ ካሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጂ፣ የተከበረ ቤትዎ ላይ የቆምነው ካለዎት እንዲያካፍሉን ነው፤ በእጅዎ ያደገውን፣ በሙያው የተመሰገነውን እንድሪስን ለውጫሌ እንዲሰጡን አሉ፤ ልክ የንጉሥ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔ መውጫውን በር በዓይኔ ለካሁ። ባጃጄን አይቼ ግን ተስፋ ቆረጥኩ፤ ሞተሯ በሙሉ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል።

ሐጂ ሙሄ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ተሰበረ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ አሉ። ዐረብ አገር ወሰደብኝ፤ አንድም ሽማግሌ አልላከብኝም። አንድ ጁምዓ ከሰላት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እናንተ ለአንድ መካኒክ ሼህና ቄስ ሆናችሁ ደጄ ድረስ መጣችሁ፤ አላህ ያክብራችሁ፣ አክብራችሁኛል። ግን እንድሪስን ከሰጠኋችሁ እራቴን ከማን ጋር ልብላ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ይቅርብን፣ እንሂድ ብዬ ነበር፤ ማለት የቻልኩት ግን በሆዴ ነው። ሼህ ይማም፣ ሐቅ ነው ሐጂ፣ ይህን ሰምተን ስጡን አንልም አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ግን ውጫሌ ዘይነባ የምትባል እናት አለች፣ እሷም እንደርስዎ እንዳትሆን ፈርታለች አሉ። ልጇ ወጣት ነው፣ ጎማ ያውቃል፣ ሞተር መማር ይወዳል፣ እዚህ የሚይዘው ቢያገኝ አይሄድም። እርስዎ ልጅ ጎድሎዎታል፣ እሷ ልጅ ሊጎድልባት ነው። ምን ይላሉ?

ሐጂ ቀና አሉ። ይነዳል ወይ ብለው ጠየቁ፤ የራሳቸው የባጃጅ ሹፌር ካገር ከወጣ ሰንብቷል። መምሬ ካሳ ወደ እኔ ዞሩ፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ መስክር አሉኝ። በሐሰት መመስከር ኃጢአት ነው። ሐሰንን የሚያህል ሹፌር በአምባሰል ምድር የለም አልኩ። አፌ ሲናገር ጆሮዬ ሰማው፤ ግን አልፏል። ሐጂ፣ እንግዲያው እኔ ዘንድ ይምጣ፣ ከእንድሪስ ጋር ይሥራ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ለስላሳው ተከፈተ። ሼህ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ መምሬ ካሳ መረቁ። የሄደውን ይመልስላችሁ፣ ያለውን ያጽናላችሁ ሲባል አሜን አልኩ። ከልማድ ነው። ሽማግሌ መርቆ አሜን ያልተባለበት ቦታ ኖሬ አላውቅም። በአሜን የታሰረን ነገር ደግሞ ማን ይፈታዋል?

ስንመለስ ያች ባጃጅ ሦስታችንንም ተሸክማ ዳገቱን እየዘፈነች ወጣችው። እንድሪስ ሠርቷት ዋጋ አልቀበልም ብሏል። ይኼ ይበልጥ አናደደኝና፣ ለመሆኑ እናንተ የማን ሽማግሌዎች ናችሁ ብዬ ጠየቅኩ። መካኒክ አምጡ ብዬ ልኬ ሹፌሬን ሰጥታችሁብኝ መጣችሁ አልኩ። ሼህ ይማም በእርጋታ፣ የላከችን ዘይነባ ናት፣ ልጄ ካገር እንዳይወጣ አድርጉልኝ ብላናለች፣ ስለ ሙክት ያለችን ነገር የለም አሉኝ። መምሬ ካሳ ደግሞ፣ አንተ እንዲያውም የተላክኸው ለማመላለስ ነው አሉ።

ሐሰን ሲሰማ፣ እንድሪስ አጠገብ ቆሜ ልማር ነው የምትሉኝ ብሎ ጠየቀ። አዎ ስለው ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከሳውዲ ከተመለሰ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ጋሽ ተገኘ፣ አብሽሩ፣ በየሳምንቱ መጥቼ አይዎታለሁ አለኝ። እንደ ፈረንጆቹ ጥቂት ወር ቤቱ ላስቀምጠው አሰብኩ፤ ምስጢሬን ይዞ እንዳይሄድብኝ። ግን ምን ምስጢር አለኝ? ሞተሩን ማን እንደሚያጸዳው ነው፤ እሱን ደግሞ አገር ያውቀዋል።

የዘንድሮው ቀን ደረሰ። ሹፌር ስላላገኘሁ እኔው ነዳሁ። ሐሰን የሐይቅን ባጃጅ ይዞ፣ እንድሪስ ያዘጋጀውን ሞተር ይዞ፣ ከፊቴ አቧራ ሆኖ ጠፋ። እኔ ስደርስ ሙክቱ ቀንዱ ላይ ሪባን ታስሮለት፣ ሐጂ ሙሄ ሐሰንን ጭንቅላቱን ይዘው እየሳሙት ነበር። እንድሪስ አጠገባቸው ቆሞ ይስቃል። ከኔ በኋላ የገባ ባጃጅ አልነበረም።

ዘይነባ ከሰው መሐል እየሮጠች መጣች፤ መሐረቧ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ከልጇ በፊት ወደኔ ነው የመጣችው። ሁለት እጄን ይዛ፣ ጋሽ ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሸነፍን አለችኝ። እኛ ማለት እነማን ነን ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንባዋን ሳይ ዘጋሁት። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ከልቤ መሆኑ ነው።