አይሸነፌው አድነውና ሰባቱ የማይሞቱ

በየሰፈሩ አንድ የማይሸነፍ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ዳማ ቢበሉት ሰሌዳው ጠማማ ነው። በካርታ ቢረቱት ካርታ ያደለው ሰው እጅ አላማረውም ነበር። ኳስ ቢገባበት ከዳሞታ ተራራ የወረደው ነፋስ ነው እንጂ በረኛው ምን ያድርግ። ሐኪም መርምሮ "ታይፎይድ ነው" ቢለው፣ መድኃኒቱን እየዋጠ "እሱ እንኳን ታይፎይድ አይደለም" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ሶዶ ላይ ይህ ማዕረግ የክቡር አድነው ነው። ሙያው ቀያሽ፣ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ ሽንፈቱ ባዶ። አንድ ቀን ባጃጅ ተሳፍሮ ሲሄድ ሾፌሩ "በዚህ በኩል ተቆፍሯል፣ አያሳልፍም" ቢለው፣ ከቦርሳው ካርታ አውጥቶ "እዚህ ላይ ክፍት ነው" አለ። ሄዱ። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። አድነው ወርዶ ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ "ካርታው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መንገዱ ነው" ብሎ በእግሩ ሄደ።

ሰርካለም ይህን ከባጃጅ ሾፌሩ ከራሱ አፍ ነው የሰማችው። እሷ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከደሴ ተመድባ ስትመጣ በከተማው አንድም የምታውቀው ሰው አልነበራትም። የመጀመሪያውን ዓመት ከሥራ ወደ ኪራይ ቤቷ፣ ከኪራይ ቤቷ ወደ ሥራ ስትመላለስ ጨረሰችው። አንድ ቀን የአድነው እናት እትዬ የማርያምወርቅ የግፊት መድኃኒታቸውን ሲወስዱ ፊቷን አይተው "ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነይ። ልጄ ጓደኞቹን ሰብስቦ ቆርኪ ያወጣል፤ ምንም ባይገባሽ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ትበያለሽ" አሏት። ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልቀረችም።

ቆርኪ ማውጣት የተባለው ጨዋታ ነው። አንዱ ዓለም ይፈጥራል፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነው "እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲያ አደርጋለሁ" ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዕጣ ነው። ሌላ አገር ሃያ ፊት ባለው ጠጠር ነው አሉ፤ አድነው ግን ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው የለስላሳ ቆርኪዎች በፕላስቲክ ጆግ ውስጥ አሉት። አገላብጦ "አውጪ" ይላል። ማውጣት ነው።

እንግዲህ የማይሸነፍ ሰው ዓለም ሲፈጥር ምን ዓይነት ዓለም እንደሚፈጥር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የአድነው ዓለም በሰባት አስማተኞች የሚገዛ ነው። ሰባቱም አይሞቱም። አይታሰሩም፣ አይመረዙም፣ አይታለሉም። እርስ በርስ ግን ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ለስድስት መቶ ዓመት ሲዋጉ ኖረዋል፣ የሚያልቀው ደግሞ መሐል ያለው ሰው ነው። ትልቁ አባ ጭጋግ ነው፤ ከተራራው ማማ ወርዶ የማያውቅ፣ መብረቅ የሚወረውር። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ካርታ አባ ጭጋግን የሚወክለው ለቦዬው ማባያ የቀረበው የዳጣ ጠርሙስ ነበር። ተቀናቃኙ እቴጌ ነዲድ ደግሞ ክብሪት ናት።

ከአስማተኞቹ የሚብሰው ግን መጽሐፉ ነው። "የሰባቱ ዓለም መተዳደሪያ ደንብ"፣ ዘጠና አራት ገጽ፣ በጀርባው የተጠረዘ። አንዱ ተጫዋች ብልሃት ባገኘ ቁጥር ሊቀ አይሸነፌ ጣታቸውን ይልሱና ገጽ ይገልጣሉ። "ደንቡን አንብቡ።" ይህቺ ቃል የሳቸው አሜን ናት። አንድ ጊዜ ዳልጮ፣ ከሁምቦ የመጣው የባዮሎጂ መምህር፣ እቴጌ ነዲድን ወንዝ ውስጥ ከተታት። "አንቀጽ ሃያ ሁለት፤ ውሃው ይፈላል። ደንቡን አንብቡ።" ሌላ ጊዜ ሰርካለም አባ ጭጋግን በእንቅልፍ መድኃኒት ልታስተኛው ስድስት ሳምንት ለፋች። "አንቀጽ ዘጠኝ፤ የማይሞት አይተኛም።" ዳልጮ ያን ቀን ቆርኪዎቹን ከነጆጉ በመስኮት ሊወረውራቸው ነበር።

በዚህ ዓለም ውስጥ ሰርካለም ዘርፌ የምትባል ንብ አናቢ ናት። ከባዶ ተነስታ ንብ አምባ የሚባል መንደር አቆመች። ስድሳ ሁለት ቀፎ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አራት መቶ ነፍስ። ቦታው በአባ ጭጋግና በእቴጌ ነዲድ መካከል ነው፤ ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም።

የዝውውር ደብዳቤዋ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ለሦስት ዓመት የለመነችው፣ ወደ ደሴ፣ ወደ እናቷ። ሰኞ መሄዷ ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ብሏታልም። ግን ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ስትከት ያሰበችው ንብ አምባን ነበር። በሶዶ ምድር በእጄ ያቆምኩት እሱን ብቻ ነው ብላ አሰበች፤ አሳፈራትም። መንደሩ ከተረፈ ዳልጮና ሌሎቹ እየኖሩበት ይቀጥላሉ፣ በየቅዳሜው ስሙ ይነሳል። ከጠፋ ግን እሷም ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረችም ማለት ነው። እና አድነው ባለፈው ሳምንት የጦርነት አዋጅ አውጇል፤ ሰባቱም ጦራቸውን ወደ ንብ አምባ አንቀሳቅሰዋል።

ዓርብ ዕለት ተረኛ ነበረች፤ ሰው አልበዛም። ዘጠና አራቱን ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ አነበበችው። "ደንቡን አንብቡ" ሲል ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበበለት አልነበረም።

ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ሌሎቹ ተጫዋቾች በዝናቡ ቀርተው አድነው፣ ሰርካለምና ዳልጮ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ እትዬ የማርያምወርቅ ከኋላ ሶፋው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ማንም ስለ ሰኞ አላነሳም። አድነው የደብዳቤውን ወሬ እንደሰማ ታውቃለች፤ ሰላም ሲላት እንኳ ፊቷን አላየም። ዓይኑ ካርታው ላይ ነበር።

"የእቴጌ ነዲድ ጦር በምሥራቅ፣ የአባ ጭጋግ በምዕራብ" አለ። ክብሪቱንና የዳጣውን ጠርሙስ ወደ መንደሩ ገፋቸው። "በሩን ለመያዝ ከአሥራ አምስት በላይ ያስፈልግሻል። አውጪ።"

እጇን ጆጉ ውስጥ ከተተች። ቆርኪዎቹ ቀዝቅዘዋል። አንዱን ያዘች፣ ተወችው፣ ሌላ ያዘች።

"አራት" አለ አድነው። ሲያሸንፍ ድምፁ ይቀጥናል። "በሩ ተሰበረ።"

"እኔ በጋሪው ስንት ሰው ይዤ መውጣት እችላለሁ?" አለ ዳልጮ።

"ስምንት።"

"ሰው አራት መቶ ነው እኮ። አንተ ሰው ግን፣ ሰርካለም ሰኞ ሊሄድ ነው፤ ዛሬ እንኳ ብትለቅለት ምን ትሆናለህ?"

"እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ደንቡ ነው" አለ አድነው። ጆሮው ግን ቀላ።

"ዘርፌ ከበሩ ትወጣለች" አለች ሰርካለም። "ብቻዋን። አባ ጭጋግ ከማማው መብረቁን ሲያነሳ ፊት ለፊቱ ትቆማለች።"

አድነው ቀና አለ። "ትሞታለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"የሞተ አይመለስም። አንቀጽ ስድስት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሻት ሰው ናት፤ እንዲሁ ዝም ብለሽ…"

"አንቀጽ ስድስትን አንብቤዋለሁ። ወርውር።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አድነው የዳጣውን ጠርሙስ አነሳ፣ ያዝ አደረገው። ሰርካለም ለጨዋታ እንዲህ መጨነቅ ያሳፍራል ብላ አሰበች። በመጨረሻ ጠርሙሱን የዘርፌ ምልክት በሆነችው ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ አሳረፈና ወደ ማማው መለሰው።

"ሞተች" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው ገጽ ሰባ አንድ ግለጥ። አንቀጽ ሠላሳ ስምንት።"

ገለጠ። አነበበ። መልሶ አነበበ። ዳልጮ አንገቱን አስግጎ ጮክ ብሎ አነበበለት፦ "ማንኛውም ነዋሪ በሌላ ነዋሪ ሞት ጊዜ ለቅሶ የመድረስና ሦስት ቀን በድንኳን የመቀመጥ ግዴታ አለበት። ቂም ያለው ቢሆን ቂሙን ከድንኳኑ ውጭ ትቶ ይገባል፤ እስከ አርባ ቀንም ጠብ አያነሳም። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ከነዋሪነት ይሰረዛል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አድነው ደንቡን ሲጽፍ ከባዶ አልጀመረም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከባዶ አይጀምርም። የሰፈራቸውን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ በኮምፒውተር የጻፈላቸው እሱ ነበር፤ ያንኑ ወስዶ "አባል" የሚለውን በሙሉ በአንድ ጊዜ "ነዋሪ" አድርጎ ቀየረውና አስማቱን ጨመረበት። የቀረውን ማን ያያል። አባ ጭጋግም እቴጌ ነዲድም የሰባቱ ዓለም ነዋሪዎች ናቸው፤ በአንቀጽ ሁለት ራሱ አድነው ጽፎታል።

"ይኼ…" አለ አድነው። "ይኼ የዕድሩ ነው። ሳላየው የቀረ ነው። አይሠራም፤ ይሰረዛል።" እስክሪብቶውን አነሳ።

ሰርካለም ሌላ ብልሃት አልነበራትም። ያላት ይኼ ብቻ ነው፣ እስክሪብቶው ደግሞ በእሱ እጅ ነው፤ ዓለሙም የእሱ ነው። ዕንባዋ ሲመጣ ታወቃትና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ምስር መልቀሙ ከኋላ ቆመ።

"ምንድን ነው የሚሰረዘው?" አሉ እትዬ የማርያምወርቅ። ሁለት ዓመት ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለዚህ ጨዋታ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

"ምንም አይደል እማዬ፣ ጨዋታ ነው።"

"ለቅሶ ሲል ሰምቻለሁ። ሰው ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

"ሞታለች" አለ ዳልጮ። "ራሱ ነው የገደላት።"

"ገድሎ ለቅሶ ሊቀር ነው?" ምስሩን ከጭናቸው አወረዱ። "አባትህ ከጋሽ መልካሙ ጋር በድንበር ጉዳይ አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ፣ የጋሽ መልካሙ እናት ሲሞቱ ቀድሞ ድንኳን የተከለው ማን ነው? ለጨዋታም ቢሆን የኔ ልጅ ለቅሶ አይቀርም። በሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ።"

እስክሪብቶው በአየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወረደ፤ ክዳኑ ተገጠመ።

"እቴጌ ነዲድ" አለ አድነው፣ ማንንም ሳያይ፣ "እሳቷን ከድንኳኑ በር አጥፍታ ትገባለች።" ክብሪቱን ወደ ነጯ ቁልፍ አስጠጋ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አንድ በአንድ እያስጠጋ በየድምፃቸው "እግዜር ያጽናችሁ" እያለ አስቀመጣቸው። ስድስት ሆኑ። ስድስቱ ለስድስት መቶ ዓመት አብረው ተቀምጠው አያውቁም።

ሰባተኛው የዳጣ ጠርሙስ ብቻውን ቀረ። ሰርካለም ያን ጠርሙስ ታውቀዋለች፤ አድነው አባ ጭጋግን ከማማው የሚያወርደው ዓለም ሲያልፍ ነው። ቀርቶ ቢሰረዝ እንኳ "ተሰረዘ እንጂ አልተሸነፈም" ይላል፤ ጦሩም ያለ ጌታ መንደሩን ያቃጥላል።

አድነው ጠርሙሱን በሁለት እጁ አነሳ። ከሌሎቹ ኋላ፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ ታዛው ሥር ያለ ይመስል፣ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው።

"አባ ጭጋግ መሬት ላይ ተቀመጠ" አለ። "ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ብሎ ይጠይቃል።"

ዳልጮ ነው የጀመረው። "ጎበዝ ነበረ" አለ፤ እሱ ሲከፋው አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። "ንብ አይነድፈውም። ነገር አይረሳም። ዝናብ ይዝነብ፣ ተረኛ ይሁን፣ አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።" እዚህ ላይ ስለ ዘርፌ እንዳልሆነ ሁሉም ገባቸው፤ ራሱ ዳልጮም ገባው።

"አባ ጭጋግ እንዲህ ይላል" አለ አድነው፣ ድምፁ አልቀጠነም። "ስድስት መቶ ዓመት ማማ ላይ ብቻዬን ስኖር በሬን መጥቶ የደበደበው አንድ ሰው ነው። በየሳምንቱ በአዲስ ብልሃት። ልትጥለኝ ነበር የምትመጣው፤ እኔ ደግሞ የምትመጣበትን ቀን እየቆጠርኩ…" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። "አሁን በሬን ማን ይደበድብልኛል ይላል።"

ሰርካለም አለቀሰች። አላፈረችም። ይህን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "ተሸነፍኩ" ሲል ልስማ ብላ ነበር የምትመጣው፤ ቢያንስ ለራሷ የምትነግረው እንደዚያ ነበር። እትዬ የማርያምወርቅ ተነስተው ቦዬውን አመጡና አንዱን ከነትኩሳቱ እጇ ላይ አስቀመጡላት። አድነው ከለቅሶው ጥግ ዳጣውን አንስቶ ክዳኑን ከፈተላትና ፊቷ አኖረው።

ዳልጮ ቆርኪዎቹን ወደ ጆጉ እየመለሰ ሳቅ አለ። "አርባ ቀን ጦርነት የለም። እኛ በቅዳሜ አንድ ቀን ነው የምንጫወተው፤ ዓመት ገደማ ይሆናል። ንብ አምባ ተረፈ። አድነው፣ እንግዲህ ዛሬስ ተሸነፍክ።"

አድነው መነጽሩን አደረገ። መጽሐፉን ከፈተ፣ ገጽ ሰባ አንድን በመዳፉ ደልደል አደረገና ጣቱን አንቀጹ ላይ አሳረፈ።

"ማን ተሸነፈ?" አለ። "እኔ ለቅሶ ነው የደረስኩት።"