የወይዘሮ አልጣሽ ድረ ገጽና የተባረረችው ጭልፋ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ላይ ኖሮ «እሱም ይግባ» ባይ ያልገጠመው ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። «እሱም ይግባ» ባይ ማለት «ሞልቷል» የሚባል ነገር የማይገባው ፍጡር ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ የረዳቱ ግማሽ አካል በመስኮት በወጣበት ሰዓት፣ መንገድ ዳር የቆሙ ሽማግሌ አይቶ «ምስኪን፣ እሳቸውም ይግቡ እንጂ» የሚለው እሱ ነው። የሠርግ ጥሪው ዝርዝር ሦስት ደብተር ሞልቶ ሳለ፣ ከሙሽራው አባት ጋር አንድ ቀን ወፍጮ ቤት የተሰለፈውን ሰውዬ አስታውሶ አራተኛ ደብተር የሚያስገዛውም ያው እሱ ነው።

የዚህ ወገን ተወዳዳሪ የሌላቸው አለቃ ደግሞ ክብርት ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው፤ የደባርቅና የዳባት ምግብ ቤቶች ባለቤት፣ የድብ ባሕሩን ሦስተኛ ቤት ሊከፍቱ ቁልፉን በእጃቸው የያዙ፣ በሦስቱም ከተሞች ላሉ ድስቶች ጠቅላይ አዛዥ።

የሠርካለም መከራ የጀመረው ወይዘሮ አልጣሽ ድረ ገጻቸውን እንድታድስላቸው የጠሯት ዕለት ነው። ሠርካለም ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ለአስጎብኚዎችና ለሆቴሎች ድረ ገጽ የምትሠራ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ባዶ ቦታ ነው። ግድግዳዋ ላይ አንድ ሥዕል ብቻ ሰቅላለች፤ እሱም የበዛባት ቀን አለ።

አሮጌውን ድረ ገጽ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ዘመድ ነበር የሠራላቸው። ሲከፈት ከላይ እስከ ታች በረዶ ይዘንብበታል። በረዶው ሲያባራ አንድ ትልቅ ፒዛ ይወጣል።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይሄ በረዶ ምንድን ነው?» አለች ሠርካለም።

«ደባርቅ ብርድ መሆኑን ፈረንጁ አውቆ ልብሱን ደርቦ እንዲመጣ ነዋ!»

«ፒዛውስ? ፒዛ ትሠራላችሁ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ። ግን ታያለሽ እንዴት እንደሚያምር? እሱም ይግባ ብዬ ነው።»

የችኮላው ምክንያት አቪሃይ የሚባል ሰው ከእስራኤል የጻፈው መልእክት ነበር። አርባ ሁለት ሰዎች ሆነው፣ ወላጆቻቸው የተወለዱባቸውን የዳባትና የደባርቅ ዙሪያ መንደሮች ሊያዩ፣ ለስድስት ቀን ይመጣሉ። ስጋ አይበሉም። ለሦስት ምግብ ቤቶች ጽፈዋል፤ የሦስቱንም ድረ ገጽ አይተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ይወስናሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ይህን ሲሰሙ ወገባቸውን ጠበቅ አደረጉ። የድብ ባሕሩ ቤት ወንበርና ጠረጴዛው ገብቶ፣ ስድስት ሴቶች ተቀጥረው፣ እንግዳ ብቻ ጠፍቶ ሁለት ወር ተዘግቶ ቆይቷል። እነዚህ አርባ ሁለት ሰዎች ከመጡ ይከፈታል። ካልመጡ ቤቱ ለአከራዩ ይመለሳል፣ ስድስቱም ሴቶች ወደየቤታቸው።

ሠርካለም የመጀመሪያውን ሥራዋን ስታሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን እንደ ጤፍ አበጥረው አዩት።

«ይኸ ነጭ ሜዳ ምንድን ነው?»

«ባዶ ቦታ ነው እትዬ። ዓይን እንዲያርፍበት።»

«ዓይኑን ማሳረፍ የፈለገ ቤቱ ይተኛ! እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ርቦት ነው። እንግዳ ፊት ግማሹ ባዶ የሆነ ትሪ አቅርቤ ‹ዓይንዎ እንዲያርፍ ነው› ልበለው? ደባርቅ ምን ትለኛለች?»

ከዚያ ዕለት ወዲህ ወይዘሮ አልጣሽ በየቀኑ እየመጡ አንድ ነገር ይጨምሩ ጀመር። ሰኞ፣ ሽንብራው የሚመጣው ከማን ማሳ እንደሆነ። ማክሰኞ፣ እንጨት የሚያቀርቡት ሰውዬ ስምና የበቅሏቸው ስም። «በቅሏም?» ብትል ሠርካለም፣ «ታዲያ እንጨቱን ማን ተሸከመው? እሷም ትግባ!» አሏት። ረቡዕ ዕለት የራሳቸውን ፎቶ ይዘው ደረሱ። በሁለት ታላላቅ ድስቶች መካከል ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ አገጫቸውን ወደ ሰማይ አቅንተዋል፤ ድስቶቹን ከጠላት ያስመለሱ ይመስላሉ። ስለዚህ ፎቶ መግባትና መጠን ሁለት ቀን ሙሉ ድርድር ተደረገ። በመጨረሻ ፎቶው የፊት ገጹን ግማሽ ያዘ፤ ለሠርካለም ደግሞ ከጎኑ አንድ ስስ ነጭ ቦታ ተረፈላት። ያችን ቦታ እንደ ርስቷ ጠበቀቻት።

ትልቁ ጦርነት ግን የድስቶቹ ጉዳይ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ፊትና ጀርባው የተጻፈበት ስድስት ወረቀት ይዘው መጡ። ርእሱ «ስለ ድስቶቻችን» ይላል።

መቼም የጾምና የፍስክ ድስት የማይለይ ምግብ ቤት በደባርቅ የለም፤ ቢያንስ «እንለያለን» የማይል የለም። ወይዘሮ አልጣሽ ዘንድ ግን ነገሩ የድንበር ጉዳይ ነው። የፍስክ ዕቃ ሁሉ እጀታው ላይ ቀይ ክር አለው፤ የጾሙ አረንጓዴ። መክተፊያው ለብቻ፣ ማጠቢያው ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ። በሁለቱ መካከልም ወይዘሮ አልጣሽ ራሳቸው ቆመው ያስገነቡት ግድግዳ አለ። አምስተኛው ወረቀት ላይ ደግሞ የጭልፋዋ ታሪክ ይገኛል።

አንድ ረቡዕ ነው። ለፈረንጆች ዶሮ ወጥ እየተሠራ ሳለ፣ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ቀይ ክር ያላትን ጭልፋ ይዛ ግድግዳውን ዞራ ሽሮው ውስጥ ነከረቻት። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ወለተ ጊዮርጊስ የጮኸችው ጩኸት ዳባት ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ወይዘሮ አልጣሽ መጡ። አልጮኹም። ሽሮው ከጾመኛው አፍ እንዳይደርስ ለፈረንጆቹ ይሰጥ አሉ፤ ፈረንጆቹም በልተው ሁለተኛ አስደገሙ። ለጾመኛው አዲስ ሽሮ በአዲስ ድስት ተጣደ። ልጅቱ ሥራዬን አጣሁ ብላ ስታለቅስ፣ «አንቺ ትማሪያለሽ፤ እሷ ግን አትማርም» ብለው ያባረሩት ጭልፋዋን ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አመድ ይዛቅባታል።

«ቆይ እትዬ፣» አለች ሠርካለም፣ «ጭልፋዋ ምን አጠፋች? ወደ ፍስኩ ተመልሳ አትሠራም ነበር?»

«አንድ ጊዜ ግድግዳ የዞረች ናት። አላምናትም። ፎቶዋም ይግባ።»

ሠርካለም ስድስቱን ወረቀት በአክብሮት ተቀብላ፣ በአክብሮት መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። በተከታዩ ሳምንት ማክሰኞ አዲሱ ድረ ገጽ ወጣ፤ የወይዘሮዋ ፎቶ፣ አንድ የሚያምር በያይነቱ፣ ሦስት ቁልፎች፣ ስስ ነጭ ቦታ። ስለ ድስት አንድም ቃል የለም።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ተበረገደ።

«ድስቶቼስ?»

«እትዬ፣ እንግዳ የኩሽናውን ሕገ መንግሥት አያነብም! ምግቡን አይቶ ነው የሚመርጠው።»

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። ሰዎቹ ስጋ አንበላም ብለዋል። በያይነቱማ ማን የማይሠራ አለ? ስጋ የማይነካ ሰው ወጡን ከማየቱ በፊት ድስቱን ነው የሚጠይቀው። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድብ ባሕር ያሉት ስድስቱ ሴቶች ሽርጣቸውን አጥበው፣ ተኩሰው ነው የሚጠብቁት። ሐሙስ ነገ ነው፣ ሠርክዬ።»

«ሠርክዬ» ሲሏት ይህች ልጅ መከላከያ የላትም። ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አወጣች። ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ዋለች፤ «ፍስክ» የምትለዋን አንድ ቃል ለማስረዳት ብቻ ሦስት መስመር ፈጀች። ከጨረሰች በኋላ ግን ተንኮሏን አልተወችም። ወደ ድስቶቹ ታሪክ የሚያስገባውን መግቢያ ከፊት ገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን ብቻ በሚያነበው ፊደል አስቀመጠችው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የደባርቁ ቤት በምሳ ተመጋቢ ሞልቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ አልጣሽ ስፒከሩን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሠርካለም ሽሮዋን ጎርሳ ማላመጧን አቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቪሃይ ነኝ» አለ ድምፁ፣ ዕብራይስጥ እየረገጠው በሚሄድ አማርኛ። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያቺ ጭልፋ… እውነት ናት?»

ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? አሁን እንኳ አመድ እየዛቀች ነው። ከፈለግህ ወደ ስልኩ አቀርባታለሁ።»

አቪሃይ ሳቀ። «ሌሎቹ የሚያምር ፎቶ አላቸው። ስለ ድስት የጻፈ ግን የለም። እናቴ አጠገቤ ናት፤ የጭልፋዋን ታሪክ አራት ጊዜ አስነበበችኝ። ‹ጭልፋ ያባረረችው ሴትዮ ዘንድ ነው የምበላው› ብላለች። እሷ ከወሰነች ደግሞ አርባ አንዳችንም ወስነናል።»

ወለተ ጊዮርጊስ ከኩሽና እልልታዋን ለቀቀችው። ምሳ የሚበሉት ሰዎች ነገሩ ባይገባቸውም አጨበጨቡ። ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ሠርካለም ዞር አሉ። አገጫቸውንም ፎቶው ላይ እንዳለው አደረጉት። ሠርካለም ከነጉርሻዋ ተነሥታ ላፕቶፗን ከፈተችና የድስቶቹን መግቢያ ከግርጌ አንሥታ፣ መንገድ ተሻግሮ በሚታይ ፊደል አናት ላይ ሰቀለችው።

እንግዶቹ በሁለት አውቶቡስ ደባርቅ ደረሱ። መጀመሪያ የወረዱት የአቪሃይ እናት እማማ አገርነሽ ናቸው፤ ዳባት አካባቢ ተወልደው ከአርባ ዓመት በፊት የሄዱ፣ አማርኛቸው ግን ትናንት የወጣ የሚመስል። የተዘረጋላቸውን ወንበር አልፈው፣ የተዘጋጀውን የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አልፈው፣ ቀጥ ብለው ኩሽና ገቡ። ወይዘሮ አልጣሽ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላሉ።

«ማጠቢያው?»

«ለብቻው ነው፣ እማማ።»

«መክተፊያው?»

«ለብቻው።»

እማማ አገርነሽ አረንጓዴውን ክር አንድ በአንድ እየዳሰሱ እስከ ጥግ ሄዱ። እዚያ ቆሙ።

«ክዳኑስ?»

ወይዘሮ አልጣሽ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ክዳኖቹ የጾሙ በጾሙ፣ የፍስኩ በፍስኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ከሌላው ጎራ ዘልቆ አያውቅም። ክር ግን የላቸውም። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም አልጠየቀም።

«ክሩ ክዳኑም ላይ ይግባ እንጂ ልጄ» አሉ አሮጊቷ።

ሠርካለም በር ላይ ቆማ ይህን በዓይኗ አየች፤ «እሱም ይግባ» ባይዋ ራሳቸው «ይግባ» ሲባሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ጎንበስ ብለው የአሮጊቷን ጉልበት ሳሙ። «አርባ ዓመት የት ነበሩ፣ እማማ!» አሉ። የክር ጥቅል መጣ። ምሳው ትንሽ ዘገየ፤ አርባ ሁለት እንግዶች፣ አቪሃይም ጭምር፣ በረንዳው ላይ ተደርድረው ክዳን ላይ ክር ሲያስሩ።

በስድስተኛው ቀን የድብ ባሕሩ ቤት ተከፈተ። ስድስቱ ሴቶች በተተኮሰ ሽርጣቸው አስተናገዱ፤ ከእንግዶቹ ብዛት የተነሣ በመንገድ የሚያልፉት ሾፌሮች ወንበር አጡ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ለፎቶ ቆሙ። መሀል ላይ እማማ አገርነሽ፣ በእጃቸው ያቺን የተባረረች ጭልፋ ከነአመዷ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

በማግስቱ ወይዘሮ አልጣሽ ፎቶውን ይዘው ሠርካለም ዘንድ መጡ።

«ይኸ ፊት ለፊት ይግባ።»

«ቦታ የለም እትዬ። እርስዎና ያቺ የኔ ነጭ ቦታ ብቻ ናችሁ ያላችሁት።»

ወይዘሮ አልጣሽ ስክሪኑን ትንሽ አዩና፣ «እንግዲያው የኔ ይውጣ» አሉ።

ሠርካለም ቀና አለች። እኚህ ሴት «ይውጣ» ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ይህን ፎቶ ለማስወጣት ሁለት ቀን ተሟግታ፣ ተለማምጣ፣ አኩርፋ ነበር። አሁን አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀራት። በሁለቱ ድስቶች መካከል የቆሙትን ሴትዮ አየቻቸው፤ እጅ ወገብ ላይ፣ አገጭ ወደ ሰማይ።

ከዚያ ስሷን ነጭ ቦታ ከዳር እስከ ዳር አጠፋቻትና አርባ ሁለቱን እንግዶች፣ ስድስቱን ሴቶችና ጭልፋዋን በቦታዋ አሰፈረች።

«የእርስዎስ የት ይሄዳል!» አለች። «እሱም ይግባ።»